ገዢ ካጣች መኪና እስከ አህጉር አቋራጭ አውቶቡስ፦ የግሬይሀውንድ መሥራች ካርል ኤሪክ ዊክማን

በ1914 በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት፣ ሂቢንግ በምትባል የብረት ማዕድን ከተማ፣ ሰባት ሰው የምትይዝ አንዲት አዲስ መኪና ገዢ አጥታ ቆማ ነበር። ሊሸጣት የሞከረው ሰው ከማዕድን ቁፋሮ ሥራው የተሰናበተ ስዊድናዊ ስደተኛ ነበር። መኪናዋን የሚገዛ ባያገኝም በመኪናዋ ተሳፍሮ መሄድ የሚፈልግ ሰው ግን ሞልቶ እንደነበር አስተዋለ። ከዚያች መኪና የተነሣው ሥራ ከሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የአሜሪካን ከተሞችና የገጠር መንደሮች ከዳር እስከ ዳር ያገናኘ፣ ግሬይሀውንድ የተባለ ታላቅ የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት ሆነ። ሰውየው ካርል ኤሪክ ዊክማን ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ስደት

ዊክማን ነሐሴ 7 ቀን 1887 በማዕከላዊ ስዊድን፣ በዳላርና አውራጃ፣ በሞራ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ቮምሁስ የገጠር መንደር ተወለደ። የትውልድ ስሙ ማርቲስ ዬርክ ነበር። ካርል ኤሪክ ዊክማን የሚለው ስም ኋላ በስደት አገር የታወቀበት ነው።

በዘመኑ ስዊድን እንደዛሬው የበለጸገች አገር አልነበረችም። መሬቱ ለሚያድገው ሕዝብ አልበቃ ብሎ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽና በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መካከል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰድደዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሰፈሩት አየሩና ደኑ አገራቸውን በሚያስታውሳቸው በሚኒሶታ ነበር። ዊክማንም ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለ በ1905 ባሕር አቋርጦ አሜሪካ ገባ።

ኑሮውን የመሠረተው በሰሜን ሚኒሶታ በሚገኘው ሜሳቢ በሚባለው የብረት ማዕድን ቀበቶ ነው። አካባቢው በዚያ ዘመን ለአሜሪካ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ዋነኛው የማዕድን ምንጭ ነበር። ከስዊድን፣ ከፊንላንድ፣ ከጣሊያን፣ ከባልካን አገሮችና ከሌሎችም የመጡ ስደተኞች ጎን ለጎን ይቆፍሩበት ነበር። ሥራው አድካሚና አደገኛ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ከባድ ነው። ዊክማን በመሰርሰሪያ መሣሪያ ሠራተኛነት ሲያገለግል ቆይቶ በ1914 ከሥራ ተሰናበተ።

ገዢ ያጣችው መኪና

ከማዕድኑ ሥራ የወጣው ዊክማን ፊቱን ወደ መኪና ንግድ አዞረ። ሀፕሞቢል የተባለውን መኪና በሂቢንግ ለመሸጥ ተሰማራ። ንግዱ ግን አልቀናውም። የከተማዋ ነዋሪ አብዛኛው የቀን ደመወዝተኛ ነበርና መኪና መግዛት ከአቅሙ በላይ ነው። ባለ ሰባት መቀመጫዋ መኪና እጁ ላይ ቀረች።

የሂቢንግ አሰፋፈር ግን ሌላ ዕድል ከፈተለት። ከከተማዋ በስተ ደቡብ፣ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ አሊስ የምትባል መንደር ነበረች። በሁለቱ መካከል በየዕለቱ የሚመላለሰው ሠራተኛ ብዙ ነው። አሊስ መጠጥ ቤቶችም የነበሩባት በመሆኗ ከሥራ የወጣ ማዕድን ቆፋሪ ወደዚያ ማምራቱ የተለመደ ነበር። በእግር መሄድ በተለይ በበረዶው ወራት ፈተና ነው፤ መኪና መኮናተር ደግሞ ለአንድ ሠራተኛ ኪስ አይቀመስም።

ዊክማን ከአንዲ አንደርሰንና ሲ. ኤ. ኤ. ሂድ ከተባሉ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በዚያችው መኪና ሠራተኛውን ከሂቢንግ አሊስ ማመላለስ ጀመረ። ዋጋው ለአንድ ጉዞ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ሥራው የተመሠረተው ቀላል በሆነ ስሌት ላይ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ወጪ ብዙዎች ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል፤ ባለ መኪናውም ከአንድ ኮንትራት ከሚያገኘው የተሻለ ገቢ ያገኛል። መኪናዋ በተወሰነ መስመር፣ በታወቀ ዋጋና ሰዓት መሄዷ ደግሞ ተሳፋሪው ተማምኖ እንዲጠብቃት አደረገው።

ፈላጊው በዛና መኪናዋ አልበቃ አለች። ከመቀመጫዋ በላይ ሰው ይጫንባት፣ በደረጃዋና በፓራፋንጎዋ ላይም ተንጠላጥሎ የሚሄድ ነበር። በዚያ ዘመን አውቶቡስ ተብሎ የተሠራ ተሽከርካሪ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ የመጀመሪያዎቹ ባለንብረቶች የመኪና ወይም የጭነት መኪና ሻንሲ አስረዝመው፣ አግዳሚ ወንበር ጨምረው የሚሠሩባቸውን ተሽከርካሪዎች ራሳቸው ያዘጋጁ ነበር።

ከፉክክር ወደ ሽርክና

ትርፍ ያለበት መስመር ያለ ተፎካካሪ አይውልም። ራልፍ ቦጋን የተባለ ወጣት ከሂቢንግ እስከ ዱሉት ከተማ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ዱሉት ከሂቢንግ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ሁለቱ ሰዎች ዋጋ እየቀነሱ እርስ በርስ ከመጎዳዳት ይልቅ በ1915 ሀብታቸውን አዋሕደው ሜሳባ የትራንስፖርት ኩባንያን መሠረቱ። ኩባንያው በመጀመሪያው ዓመት 8 ሺህ ዶላር አተረፈ።

ይህ እርምጃ በዊክማን የሥራ ዘመን ሁሉ የሚደጋገም ዘዴ ሆነ። አጠገቡ ጠንካራ ተፎካካሪ ሲያገኝ ከተቻለ ሸሪክ ያደርገዋል፤ ካልሆነም ድርጅቱን ይገዛል። ቦጋንም ኋላ በግሬይሀውንድ አመራር ውስጥ ከቆዩት አንዱ ሆኗል። አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ሲያበቃ ዊክማን 18 አውቶቡሶች ነበሩት፤ የዓመት ትርፉም 40 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር።

በዚሁ ዘመን ሂቢንግ ራሷ ከቦታዋ ተነሣች። ከተማዋ የተቆረቆረችበት መሬት ሥር ከፍተኛ የብረት ክምችት በመኖሩ፣ ከ1919 ጀምሮ ቤቶቿ እየተነሡ ወደ ደቡብ፣ ወደ አሊስ አቅጣጫ ተዛወሩ። የዊክማን የመጀመሪያው መስመር መድረሻ የነበረችው መንደር የአዲሲቷ ሂቢንግ እምብርት ሆነች። አሮጌዋ ከተማ የነበረችበት ሥፍራ ዛሬ እጅግ ሰፊ የማዕድን ጉድጓድ ነው።

መንገድ ሲሠራ መስመር ይዘረጋል

የዊክማን ጥረት ብቻውን ግሬይሀውንድን አልፈጠረም፤ መንግሥት የሠራቸው መንገዶችም አስተዋጽኦ አላቸው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1916 እና በ1921 ባወጣቸው ሕጎች ለግዛቶች የመንገድ ግንባታ ገንዘብ መደጎም ጀመረ። የሚኒሶታ መራጮች ደግሞ በ1920 ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የዋና መንገዶች መረብ እንዲዘረጋ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቁ። ከዚያ በፊት የገጠሩ መንገድ በዝናብ ጊዜ ጭቃ፣ በክረምት በረዶ የሚዘጋው ነበር።

መንገድ ሲኖር አውቶቡስ ከባቡር የሚሻልባቸው ነጥቦች ጎልተው ወጡ። ባቡር የራሱን ሐዲድ መዘርጋትና መጠገን አለበት፤ ተሳፋሪ ጥቂት በሆነበት ቅርንጫፍ መስመር ኪሳራ ይበዛበታል። አውቶቡስ ግን በሕዝብ መንገድ ይሄዳል፣ በየመንገድ መገንጠያውና በየገበያ ከተማው ይቆማል፣ ተሳፋሪ ሲበዛ ሌላ ይጨመራል። የባቡር ጣቢያ ርቆት የኖረ ገበሬ ከእርሻው አቅራቢያ ተሳፍሮ ወደ ከተማ ሐኪም፣ ባንክ ወይም ገበያ መድረስ ቻለ።

ዊክማን በ1922 በጎረቤት የዊስኮንሲን ግዛት የአውቶቡስ ድርጅት ከነበረው ኦርቪል ሲዛር ጋር ኃይሉን አስተባበረ። ሲዛር የመካኒክነት ዕውቀት ያለው ሰው ነበር፤ ኋላም የዊክማን ተተኪ ሆኗል። በ1925 ደግሞ ግሬት ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ፣ ዊክማን ይመራው ከነበረው ኖርዝላንድ የትራንስፖርት ኩባንያ አብላጫውን ድርሻ ገዛ። ባቡሮቹ ተሳፋሪያቸውን የሚሻማቸውን አውቶቡስ ከመዋጋት ይልቅ የድርሻ ባለቤት መሆንን መረጡ። በኋላም ፔንስልቬንያ የተባለውን ጨምሮ ሌሎች ታላላቅ የባቡር ኩባንያዎች በየአካባቢው ባሉት የግሬይሀውንድ ቅርንጫፎች ውስጥ ድርሻ ይዘው ነበር።

በ1926 ዊክማንና ሸሪኮቹ ሞተር ትራንዚት ኮርፖሬሽን የተባለ እናት ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው በየግዛቱ ያሉትን አነስተኛ ድርጅቶች እየገዛ አንድ ላይ አሰባሰበ። ከተገዙት መካከል ፓዮኒር የሎዌይ የተባለው የምዕራብ ጠረፍ ድርጅት ይገኝበታል። ይህ ድርጅት በ1928 ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ዮርክ በመሄድ የመጀመሪያውን አህጉር አቋራጭ የአውቶቡስ አገልግሎት የጀመረ ነው፤ ጉዞው 5 ቀን ከ14 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ፒክዊክ የተባለው ሌላ የምዕራብ ድርጅትም በዚሁ መንገድ ተጠቃለለ።

«ግሬይሀውንድ» የሚለው ስም

ግሬይሀውንድ ቀጭን፣ እግረ ረጅምና እጅግ ፈጣን የአደን ውሻ ነው። ስሙ ለአውቶቡስ የዋለው ከዊክማን በፊት ነበር። እንደሚተረከው ኤድ ስቶን የተባለ የመስመሩ ባለንብረት በሰሜናዊ ዊስኮንሲን ሲያልፍ፣ የአውቶቡሱ ምስል በአንድ ሱቅ መስታወት ላይ ተንጸባርቆ ሲያይ ይህንን ውሻ አስታወሰውና መስመሩን በስሙ ጠራው። ስሙ ፍጥነትን የሚያመለክትና በቀላሉ የሚታወስ በመሆኑ እየተስፋፋ ሄዶ፣ በአሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ላይ የእናት ኩባንያው መጠሪያ ሆነ። በ1930 ዋና መሥሪያ ቤቱም ከዱሉት ወደ ቺካጎ ተዛወረ። በአውቶቡሱ ጎን የተሳለው የሚሮጥ ውሻ ዛሬም የድርጅቱ መለያ ነው።

የድቀት ዓመታት

ኩባንያው በስፋቱ ጫፍ ላይ እንደ ደረሰ የ1929 የአክሲዮን ገበያ ውድቀት መጣ። ሥራ አጥነት ተስፋፋ፣ ጉዞ ቀነሰ። በብድር የተገዙት ድርጅቶች ዕዳ ግን አልቀነሰም። በ1931 ግሬይሀውንድ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት። በአንዲት መኪና የተጀመረው ሥራ በገዛ ስፋቱ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር።

ኩባንያው እንዲያገግም የረዳው አንደኛው ነገር የአውቶቡስ ዋጋ ከባቡር ርካሽ መሆኑ ነው፤ ኪሱ የሳሳ ተጓዥ ከባቡር ወደ አውቶቡስ ዞረ። ሁለተኛው ያልታሰበ ማስታወቂያ ነበር። በ1934 «አንድ ምሽት ሆነ» የተባለው ፊልም ወጣ። ክላርክ ጌብልና ክሎዴት ኮልበርት የተወኑበት ይህ ፊልም አብዛኛው ታሪኩ በአውቶቡስ ጉዞ ላይ የሚካሄድ ሲሆን አምስት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል። ፊልሙ የአውቶቡስ ጉዞን የድሃ ሰው መቸገር ሳይሆን አገር ማያ አድርጎ አሳየ። በ1935 ዊክማን 8 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ መገኘቱን ለማሳወቅ በቃ።

በዚያው በ1935 የአሜሪካ ምክር ቤት ከግዛት ግዛት የሚሄዱ አውቶቡሶችን በፌዴራል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሥር አደረገ። መስመር ለመክፈት ፈቃድ፣ ታሪፍ ለመለወጥም ይሁንታ አስፈለገ። ሕጉ ተሳፋሪውን ከዘፈቀደ ዋጋና ከብቃት ማነስ ለመጠበቅ የረዳውን ያህል፣ መስመር ቀድመው የያዙትንም ጠቀመ። እንደ ዊክማን በአንዲት መኪና ለመጀመር ለሚፈልግ አዲስ ሰው ግን በሩ ጠበበ።

የጦርነቱ ዘመንና የመቀመጫው ፍርድ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ግሬይሀውንድ 4 ሺህ 750 ጣቢያዎችና ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት። ቤንዚንና ጎማ በኮታ የሚታደሉ በመሆናቸው የግል መኪና ያለው ሁሉ ወደ አውቶቡስ መጣ። ወታደሮችም ወደ ጦር ሠፈራቸውና ወደ ወደብ የሚጓጓዙት በአውቶቡስ ጭምር ነበር። ወንዶቹ ለጦር ሲዘምቱ ሴቶች በሹፌርነት ተቀጠሩ።

ይሁን እንጂ በአውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ተሳፋሪ እኩል አልነበረም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሕግ ጥቁሮች ከኋላ እንዲቀመጡ፣ ነጭ ተሳፋሪ ሲመጣም እንዲነሡ ያስገድድ ነበር። የግሬይሀውንድ ሹፌሮችም ይህንኑ ያስፈጽሙ ነበር። ጥቁሩ መንገደኛ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ክብሩ ግን ይጎድልበታል።

በሐምሌ 1944 አይሪን ሞርጋን የተባለች ጥቁር ሴት ከቨርጂኒያ ወደ ባልቲሞር በግሬይሀውንድ ስትጓዝ ከመቀመጫሽ ተነሺ ብትባል እምቢ አለች፤ ታሰረችም። ጉዳይዋ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1946 ከግዛት ግዛት በሚሄዱ አውቶቡሶች ላይ የግዛት የዘር መድልዎ ሕግ ሊጸና አይችልም ተብሎ ተፈረደ። ፍርዱ ግን በደቡብ በተግባር ሳይውል ቆየ።

ዊክማን ካረፈ በኋላ፣ በግንቦት 14 ቀን 1961፣ ፍርዱ በተግባር እንዲውል በአውቶቡስ የተጓዙ ነጭና ጥቁር የመብት ተሟጋቾች የነበሩበት የግሬይሀውንድ አውቶቡስ በአላባማ ግዛት፣ በአኒስተን ከተማ አቅራቢያ በነውጠኞች ተቃጠለ። ተሳፋሪዎቹ ከእሳቱ ለጥቂት ተረፉ። በዚያው ዓመት ከኅዳር 1 ጀምሮ የፌዴራሉ ኮሚሽን በአውቶቡሶችና በመናኸሪያዎች ውስጥ የዘር መለያየትን በትእዛዝ አስቀረ። የግሬይሀውንድ ታሪክ ሲነገር ይህ ምዕራፍ አብሮ ሊነገር ይገባል፤ አገርን ያገናኘው አውቶቡስ ውስጡ ለረጅም ጊዜ የተከፋፈለ ነበርና።

የመጨረሻ ዓመታትና ከእሱ በኋላ

ዊክማን በ1946 ከፕሬዚዳንትነቱ ወርዶ ሥራውን ለኦርቪል ሲዛር አስረከበ። የካቲት 5 ቀን 1954 በፍሎሪዳ ግዛት፣ በዴይቶና ቢች በ66 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ሲኒክሩዘር የተባለውን፣ ከፍ ያለ የኋላ ወለል ያለውንና በዘመኑ ዝነኛ የነበረውን አውቶቡስ ሥራ ላይ አዋለ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ቀላል አልሆነም። የግል መኪና መብዛትና የአውሮፕላን ዋጋ መቀነስ ተሳፋሪ ወሰደ። በ1982 መንግሥት የአውቶቡስ ቁጥጥሩን ሲያላላ ኩባንያዎች የማያዋጡ የገጠር መስመሮችን ለመዝጋት ቀለላቸው። ግሬይሀውንድ በ1990 በኪሳራ ምክንያት የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ። ባለቤቶቹም ደጋግመው ተለዋወጡ፤ በ2021 ፍሊክስሞቢሊቲ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የአሜሪካውን ግሬይሀውንድ ገዝቷል።

የሕዝብ ማመላለሻ ለገጠር ነዋሪ ምን እንደሆነ በግልጽ የታየው መስመሩ ሲቋረጥ ነው። በካናዳ በዚሁ ስም የሚጠራው ድርጅት በጥቅምት 2018 መጨረሻ በምዕራባዊ ግዛቶች የነበሩትን መስመሮች ከሞላ ጎደል ዘጋ፤ በ2021 ደግሞ ቀሪውን አገልግሎት አቋረጠ። ለከተማ ሰው ይህ አንድ አማራጭ ማጣት ነው። በሩቅ መንደር ለሚኖርና መኪና ለሌለው አረጋዊ፣ ታማሚ ወይም ተማሪ ግን ወደ ሆስፒታልና ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው ብቸኛው መንገድ መዘጋት ነበር። የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች ማኅበረሰቦች በተለይ ሴቶች በመንገድ ላይ መኪና እየለመኑ ለመጓዝ እንዳይገደዱና ለአደጋ እንዳይጋለጡ ሥጋታቸውን ገልጸዋል።

ከዊክማን ሕይወት የሚቀረው

በሂቢንግ ከተማ የግሬይሀውንድን አጀማመር የሚያሳይ ሙዚየም ይገኛል፤ የየዘመኑ አውቶቡሶችም ተሰብስበው ይታያሉ።

ዊክማን መኪናን አልፈጠረም፤ ሰውን በዋጋ ማጓጓዝንም እሱ አልጀመረውም። ያደረገው ነገር በእጁ ያለውንና በአካባቢው የጎደለውን ማስተዋል ነው። ሊሸጣት ያልቻለውን መኪና ዋጋዋን ቀንሶ ከመጣል ይልቅ በዙሪያው ያሉት ሠራተኞች በየቀኑ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ተመለከተ። ተፎካካሪዎቹን ሸሪክ አደረገ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም የያዘውን መስመር አልለቀቀም። በሌላ በኩል የድርጅቱ ታሪክ እንደሚያሳየው ትርፍ ብቻውን ፍትሕን አያመጣም፤ ጥቁሩ ተሳፋሪ መቀመጫውን ያገኘው በራሱ ትግልና በሕግ ኃይል ነው። የገጠሩም መስመር ትርፍ ብቻ ሲመራው ከሁሉ ቀድሞ ይዘጋል። ከሂቢንግ እስከ አሊስ የነበረው ያ አጭር መንገድ ያገለገለው መኪና መግዛት የማይችለውን ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አውቶቡስ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለዚያው ሰው ነው።